መሰላሉ ስንተኛ ፎቅ ይደርሳል?

ልደታ ፍርድ ቤት ጉዳይ በኖረኝ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ ፎቆቹ ነው። ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሠፈሩ ከጭቃ ግድግዳና ከዛገ ቆርቆሮ ተነሥቶ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሆኗል። በሰንጋ ተራ በኩል ደግሞ ባንኮቹ ቁመት እየተለካኩ ወደ ላይ ወጥተዋል፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን ከ200 ሜትር ያልፋል። ከተማ ወደ ላይ ማደጉ ክፉ ነገር አይደለም፤ መሬት እንዲህ በተወደደበት ዘመን ሌላ ምርጫም ያለ አይመስለኝም። ጥያቄው፣ ሰው ሽቅብ ሲወጣ ከኋላው ምን ተከትሎት ወጣ? የሚል ነው። ውኃው ወጥቷል ወይ? (ፎቅ ላይ ለሚኖር አንባቢ ይህን መጠየቅ ቁስል መነካካት መሆኑን አውቃለሁ።) አሳንሰሩስ? መሰላሉስ?

ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ያነሣሁት እኔ አይደለሁም፤ አክስቴ ናቸው። ልደታ አካባቢ ከአንድ የጋራ ሕንፃ 6ኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸው ሰማንያን ተጠግቷል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራቸው ካለው ቤት የእንጀራ ምጣድ ገመድ ነደደና ጭሱ ደረጃውን ሞላው። እሳቱ እንኳ ትልቅ አልነበረም፤ አንድ ብልህ የጎረቤት ልጅ ቆጣሪውን አጥፍቶ በአሸዋ አዳፈነው። ነገር ግን በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ አክስቴ ወደ ደረጃው ሊወጡ ሞክረው ጭሱ መለሳቸው፤ ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ መስኮቱ ደግሞ የልጅ ልጆች እንዳይወድቁ ተብሎ ከዳር እስከ ዳር የብረት ፍርግርግ ተበይዶበታል። ማታ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ "ልጄ፣ እሳት አደጋዎቹ መጥተው ቢሆን መሰላላቸው እኔ ጋ ይደርስ ነበር?" አሉኝ። "ይደርሳል እንጂ" ብዬ ዋሸሁ። ሕግ የተማረ ሰው ያለ ማስረጃ ቃሉን መስጠት እንደሌለበት እያወቅሁ ነው የዋሸሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን ሳገላብጥ ያገኘሁትን እነሆ።

ስለ እሳት አደጋ ስናስብ ቀድሞ የሚመጣልን ውኃ ነው። ቀይ መኪና፣ ቱቦ፣ ቦቴ። ዜናውም የሚጻፈው በዚሁ መልክ ነው፤ ይህን ያህል የእሳት አደጋ ተሽከርካሪ፣ ይህን ያህል የውኃ ቦቴ፣ ይህን ያህል ሠራተኛ ተሰማርቶ እሳቱን ለማጥፋት ይህን ያህል ሰዓት ፈጀ። አነጋገራችን ራሱ ሙያውን ወደ ውኃ ማመላለስ አውርዶታል ማለት ይቻላል። ሙያው ብዙ ዘመን ባስቆጠረባቸው የአሜሪካ ከተሞች ግን እሳት ማጥፋት የሁለት ቡድኖች ሥራ ነው። አንዱ ቡድን ፓምፑንና ቱቦውን ይዞ እሳቱ ላይ ይዘምታል። ሌላው "የመሰላል ቡድን" ይባላል፤ ይህኛው ብዙውን ጊዜ ውኃ አይዝም። ኒውዮርክ 143 የመሰላል ቡድኖች አሏት። የውኃ ቡድኖቿ ከ200 በጥቂቱ ያንሳሉ። ማለትም ለአራት የውኃ ቡድን ሦስት ያህል ውኃ የማይዝ ቡድን አሰልፋለች። ገንዘብ የተረፈው ከተማ ቅንጦት ነው የሚል ካለ፣ ውኃ የማይዘው ቡድን የሚሠራውን አስቀድሞ ይስማ።

በመጀመሪያ በር ይሰብራል። ቱቦ የያዘ ሰው ከተቆለፈ የብረት በር ፊት ደርሶ ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ በሩ ላይ ውኃ ቢረጭ በሩን ማጠብ ነው። የመሰላል ቡድን ሰው መጥረቢያ፣ ዲጂኖ፣ የብረት መቁረጫ መጋዝ ይዞ ይመጣል፤ የተማረውም ይህንኑ ነው፦ የትኛው በር በማጠፊያው በኩል፣ የትኛው በቁልፉ በኩል እንደሚሸነፍ። ከዚያ ይገባል። ጭስ በሞላበት ቤት ውስጥ ዓይን አያገለግልም፤ በጉልበቱ እየዳኸ፣ አንድ እጁን ከግድግዳው ሳያላቅቅ፣ አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በር ኋላ ሰው ይፈልጋል። ሕፃናት ከእሳት ሲሸሹ የሚደበቁት እዚያ ነውና። የውኃው ቡድን እሳቱን ሲይዝ ይኼኛው ሰውን ይይዛል። ሁለቱን ሥራ ለአንድ ሰው ሰጥቶ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንዲሠሩ መጠበቅ አይቻልም።

ሦስተኛው ሥራ ስለ ጭስ ነው። ከሰል አቀጣጥሎ፣ ቤት ዘግቶ፣ ተኝቶ ስለቀረ ሰው ያልሰማ አዲስ አበቤ የለም። ያ ሰው ነበልባል አልነካውም። የገደለው ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። በሕንፃ እሳትም እንዲሁ ነው፤ ብዙውን ሰው የሚገድለው ከእሳቱ ይልቅ ጭሱ ነው፤ ጭሱም እሳቱ ከተነሣበት ክፍል ርቆ ይገድላል። ጭስ ሙቅ ስለሆነ ሽቅብ ይወጣል። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ሽቅብ የሚወስደው መንገድ ደረጃው ነው፤ ደረጃው የሰውም ማምለጫ፣ የጭሱም ጭስ ማውጫ ይሆናል። አክስቴን የመለሳቸው ይኸው ነው። የመሰላል ቡድን በጣሪያ በኩል ወጥቶ፣ የደረጃውን አናት ከፍቶ ወይም ጣሪያ ቀድዶ ጭሱን ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ደረጃው ሲጠራ ሰዎች በእግራቸው ይወርዳሉ።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የታፈነ እሳት አየር የራበው እሳት ነው። ውኃው ሳይዘጋጅ በር ወይም መስኮት ከፈቱለት እንደ ጎረሰ አውሬ ይነሣል። የዛሬ ቤት ዕቃ ስፖንጅና ፕላስቲክ የበዛበት ስለሆነ እሳቱ ቶሎ አየር ይጨርሳል፣ ባገኘ ጊዜም ቶሎ ይፈነዳል። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ያለው ሰውና ደረጃ ላይ ቱቦ የያዘው ሰው በሬዲዮ እየተነጋገሩ፣ "አሁን ክፈት" እየተባባሉ መሥራት አለባቸው። ይህ ቅንጅት በጨረታ የሚገዛ ነገር አይደለም። በልምምድ ብቻ የሚገኝ ነው።

መሰላሉ ራሱ የሚመጣው እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሰው ያወርዳል፤ ውኃ ከላይ ወደ ታች ለማዝነብ ያገለግላል፤ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ደግሞ ውስጥ ለገቡት ለእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ራሳቸው ሁለተኛ መውጫ ይሆናል። ደረጃው ከኋላቸው ቢደረመስ መስኮቱ ላይ አንድ መሰላል ተደግፎ መቆየቱ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ለነገሩ ሙያው ሲጀመር መሰላሉና ሜንጦው መንትያ ነበሩ። የአሜሪካ የመሰላል ቡድኖች የጥንት ስማቸው "የሜንጦና የመሰላል ቡድን" ነበር፤ ሜንጦው የሚነድድ የሣር ክዳን ጎትቶ ለማውረድ፣ ቀጥሎ ያለውንም ቤት አፍርሶ እሳቱን ለማስቆም ነው። ገጠር ያደገ አንባቢ ይህን ከማንም ፈረንጅ መማር አያስፈልገውም። ጎጆ ሲነድድ ኡኡታውን ሰምቶ የመጣው ጎረቤት ውኃ ፍለጋ ወንዝ አይወርድም፤ ክዳኑን ይገነጥላል፣ ከጎን ያለውን አጥር ይነቅላል። ከተማ ስንገባ የረሳነው ይህንን ግማሽ ነው። በመኪና ላይ ተጭኖ የሚዘረጋውን ረጅም መሰላል ዳንኤል ሄይስ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ሰው የሠራው በ1868 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ መቅደላ ላይ ሌላ እሳት ስናይ በነበረበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የተነሣውን እሳት ያስታውሷል። ብዙ ነጋዴ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ዓይኑ እያየ ተነጠቀ። በዚያን ጊዜ የከተማው አስተዳደር ደጋግሞ ያነሣው ችግር የመግቢያው ጥበትና አስቸጋሪነት ነበር፤ ትክክልም ነው፣ መርካቶን የሚያውቅ ሰው አይከራከርም። ሆኖም ግን መንገዱ ጠቦ መኪና ባይገባ ሰው ይገባል። መርካቶ ማታ ማለት በብረት በር የታሸገ፣ ጋን ቁልፍ የተንጠለጠለበት፣ ሱቅ ከሱቅ በቆርቆሮ የተያያዘ ሠፈር ነው። ከውጭ የተረጨ ውኃ ቆርቆሮውን መትቶ ይወርዳል፤ እሳቱ ግን ከቆርቆሮው ሥር በጣሪያና በኮርኒስ መካከል እየተሳበ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሻገራል። እዚያ ላይ የሚያስፈልገው እሳቱን ቀድሞ አምስትና ስድስት ሱቅ አልፎ ጣሪያ የሚቀድድ፣ በር የሚከፍት፣ እሳቱ የሚያልፍበትን መንገድ የሚቆርጥ ሰው ነው። የመሰላል ቡድን ሥራ ይህ ነው፤ 60 ሜትር የሚረዝም መሰላልም አይጠይቅም። የመሰላል ነገር የሀብታምና የፎቅ ጉዳይ ነው ብለው ለሚያስቡ ሸማ ተራ በቂ መልስ ይመስለኛል።

አሁን ወደ አክስቴ ጥያቄ እንመለስ። እስከ ስንተኛ ፎቅ?

ቁጥሩን እንሥራው። አንድ ወለል በአማካይ 3 ሜትር ብንል፣ የ4ኛ ፎቅ ወለል ከመሬት 12 ሜትር ይርቃል፤ የመስኮቱ ከንፈር ደግሞ አንድ ሜትር ያህል ይጨምራል። ከተማው ውስጥ የበዛው ባለ ጂ ፕላስ 4 ኮንዶሚኒየም እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው። ይህን ያህል ቁመት በሰው እጅ የሚነሣ ባለ 13 ሜትር ተኩል መሰላል ለጥቂት ይደርሳል፤ ሦስት አራት የሠለጠኑ ሰዎች ግን ይፈልጋል። የ6ኛ ፎቅ መስኮት 19 ሜትር፣ የ7ኛው 22 ሜትር ላይ ነው። እዚህ በእጅ የሚያዘው ያበቃና መኪና ላይ የተጫነው ይጀምራል። በአውሮፓ በብዛት የሚሠራበት ባለ 30 ሜትር የመኪና መሰላል የሚለካበት መለኪያ ደስ ይለኛል፤ ሲዘረጋ ስንት ሜትር ይሆናል አይሉም፤ መኪናው ከግድግዳው 12 ሜትር ርቆ ቆሞ ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ካለ መስኮት ሰው ያወርዳል? ይላሉ። መልሱ 23 ሜትር ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ አክስቴን ይደርስባቸዋል። አራት ሜትር እንኳ ይተርፋል።

በወረቀት ላይ። መኪናው መሰላሉን ከማንሣቱ በፊት አራት የብረት እግሮቹን ወደ ጎን ዘርግቶ መሬት መርገጥ አለበት፤ ለዚህም አምስት ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ የማይሰምጥ፣ ያልተያዘ መሬት ይፈልጋል። እኔ በአክስቴ ግቢ ውስጥ ዞሬ በእግሬ ለካሁት። (ዘበኛው ቦታ የሚያሻሽጥ ደላላ መስዬው ነበር።) በአንዱ ጎን የነዋሪ መኪኖች ጥቅጥቅ ብለው ቆመዋል። በሌላው የውኃ ታንከር ተተክሏል። በጀርባ በኩል የፍሳሽ መስመር ሽፋን አለ፤ ያ ሽፋን አንድ ከባድ መኪና ቢረግጠው ምን እንደሚሆን ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያሻም። በፊት ለፊት ሱቆቹ ሸራ ወጥረዋል፤ በላዩ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያልፋል። መግቢያው በር ከላይ የብረት ቅስት አለው። 23 ሜትሩ እንግዲህ ገና ከግቢው በር ላይ አለቀ።

ለመንገድ ዳሮቹም ቢሆን ችግሩ ሌላ መልክ አለው እንጂ አይጠፋም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ልደታን ሲያልፍ በላዩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዞ ነው፤ በመስመሩ ዳር የሚነሣ መሰላል አስቀድሞ ኃይሉን የሚያስቋርጥ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ማነው፣ በስንት ደቂቃ ነው የሚያቋርጠው፣ በሌሊትስ ስልክ ያነሣል ወይ? ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከተማውን ያደሰው የኮሪደር ልማትም በውበቱ ባልከራከርም፣ ያቆማቸው ዛፎች፣ ምሰሶዎችና የድንጋይ ጠርዞች የመሰላል መኪና እግር የሚያርፍበትን ቦታ አስበው ነበር ወይ? ብሎ መጠየቅ ልማትን መቃወም አይደለም።

እዚህ ላይ የጀርመኖችን ሕግ ማንሣት እወዳለሁ፤ የሕግ ሰው ስለሆንሁ ይሆናል ይህን ያህል የማረከኝ። በጀርመን "ረጅም ሕንፃ" ማለት የመጨረሻው የመኖሪያ ወለሉ ከመሬት ከ22 ሜትር በላይ የሆነ ሕንፃ ነው። ለምን 22? የመስኮቱን አንድ ሜትር ቢጨምሩ 23 ይመጣልና ነው። ሕግ አውጪው ቁጥሩን የወሰደው ከእሳት አደጋ መኪናው መሰላል ላይ ነው። እያንዳንዱ መኖሪያ ሁለት የማምለጫ መንገድ ሊኖረው ይገባል፤ የመጀመሪያው ደረጃው ነው፤ ሁለተኛው የእሳት አደጋው መሰላል ሊሆን ይችላል፤ መሰላሉ በማይደርስበት ግን ባለ ሕንፃው ሁለተኛ ደረጃ ወይም ጭስ የማይገባበት ልዩ ደረጃ ይሠራል። መሰላሉ በሕጉ ዓይን የሕንፃው አካል ነው ማለት ነው። ስለዚህም መኪናው የሚቆምበት ቦታ በፕላኑ ላይ ይሣላል፤ እዚያ ላይ የቆመ የግል መኪና ይነሣል።

እኛም ቁጥር አለን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ከ12 ሜትር በላይ ቁመት ያለውን ሁሉ ምድብ "ሐ" ውስጥ አገባው፤ የልደታና የሰንጋ ተራ ፎቆች ብዙዎቹ የተነሡት ይህ አዋጅ በሥራ ላይ ሳለ ነው። 12 ሜትሩ ግን ማን ይንደፈው፣ ማን ይቆጣጠረው ለሚለው የሚያገለግል መስመር ነው፤ ከማንም መሰላል ቁመት ጋር የተሳሰረ አይደለም። ሕንፃ ፈቃጁ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መሰላል ገዢው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ አንዱ የሚፈቅደውን ፎቅ ሌላው እንዲደርስበት ይጠበቃል። የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ከተማው ዛሬ ያለው፣ በትክክል የሚሠራው፣ ሹፌርና ባለሙያ የተመደበለት መሰላል የሚደርስበት ከፍታ በሜትር ይታወቅ፤ ከዚያ በላይ ፎቅ የሚጠይቅ ሁሉ ሁለተኛ ደረጃ ይሥራ። ባንኩም፣ ሪል ስቴቱም፣ መንግሥትም።

ይህ ጭካኔ ነው የሚል ባለሀብት ካለ የኒውዮርክን የ1911 እ.ኤ.አ. ታሪክ ያንብብ። መጋቢት ወር ላይ ባለ 10 ፎቅ ሕንፃ ውስጥ፣ 8ኛ፣ 9ኛና 10ኛ ፎቅ ላይ በነበረ ትራያንግል በተባለ የሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሣ። የመሰላል ቡድኖቹ ፈጥነው ደረሱ፤ መሰላላቸውን ሲዘረጉት 6ኛ ፎቅ ላይ አለቀ። ከመውጫ በሮቹ አንዱ ተቆልፎ ነበር፤ 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ስደተኛ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከመስኮት ዘለው። ከዚያ በኋላ የኒውዮርክ ግዛት አጣሪ ኮሚሽን አቁሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 በላይ ሕጎችን አወጣ። ስለ በር ቁልፍ፣ ስለ ደረጃ፣ ስለ ውኃ መርጫ። እኔን የሚያሳስበኝ እኛም ሕጉን ለማውጣት አስከሬን መቁጠር እንዳይኖርብን ነው።

ለንደንም ቢሆን ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይታ ከዚህ አልዳነችም። በሰኔ 2009 ዓ.ም. ግሬንፌል የተባለው ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ሲነድድ 72 ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው 67 ሜትር ነበር። የከተማዋ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ረጅሙ መሰላል 32 ሜትር ነበርና ባለ 42 ሜትሩን ከጎረቤት ክፍለ ሀገር ተበድረው አመጡት። ነዋሪዎቹ ለረጅም ሰዓት "ባላችሁበት ቆዩ" ሲባሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለንደን 64 ሜትር የሚደርሱ መሰላሎች ገዝታለች፤ ከዚያ በላይ ለውጥ ያመጣው ግን ለረጅም ሕንፃ እሳት የመሰላል መኪና ከመጀመሪያዎቹ ጋር አብሮ እንዲወጣ መደረጉ ይመስለኛል። ቀድሞ ተጠርቶ ነበር የሚመጣው። ልብ ይበሉ፤ መሰላሉ ቢኖርም ካልወጣ የለም።

ገንዘቡስ? የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንድ ዘመናዊ የመሰላል መኪና ዛሬ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ። የከተማው ነዋሪ ብዙው ገና በቆርቆሮ ቤት እየኖረ ለፎቅ ነዋሪ ይህን ያህል ማውጣት ፍትሕ ነው ወይ? ክርክሩ ክብደት አለው። እኔም ነገ አሥር መኪና ይገዛ አልልም። እንዲያውም በግዢ መጀመር የምንወደው በሽታችን ነው፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ መኪናው መለዋወጫ አጥቶ ይቆማል። መጀመር ያለበት ከሰዎቹ ነው። በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጣቢያ በየፈረቃው አምስት ስድስት ሰው ከውኃው ተለይቶ ለበር፣ ለፍለጋ፣ ለጭስና ለመሰላል ይመደብ። መጥረቢያ፣ ዲጂኖ፣ የብረት መቁረጫ፣ በእጅ የሚነሣ መሰላል፣ የመተንፈሻ መሣሪያ ይሰጠው። ከእነዚህ ውድ የሚባለው የመተንፈሻው ነው፤ እርሱ ደግሞ ለቱቦ ያዡም የግድ ነው። ይህ ቡድን ለቆርቆሮ ቤቱም፣ ለመርካቶም፣ ለልደታ 4ኛ ፎቅም እኩል ያገለግላል። ረጅሙ መኪና ሲመጣ የሚነዳውና የሚወጣበት ሰው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ለዚህ ቡድን የሕግ ሽፋንም ያስፈልገዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰውን ቤት ያከብራል፤ የሌሎችን መብት ለመጠበቅ ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችልም ይናገራል። ከሌላው ሕይወት የሚበልጥ መብት የለምና እሳት በተነሣበት ሕንፃ ውስጥ የተቆለፈ የጎረቤት በር መስበር ጥፋት ሊባል አይገባም። ቢሆንም "የሰበርኸውን በር ማን ይከፍላል?" የተባለ ሠራተኛ በሚቀጥለው እሳት ላይ መጥረቢያውን ከማንሣቱ በፊት ያመነታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ለሚፈጽመው የሥራ ጥፋት ተጎጂው መንግሥትን ካሣ ሊጠይቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ለእሳት አደጋ ሠራተኛ ግን ይህን ያህል ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቅን ልቦና የሰበረው በር እንደማያስጠይቀው፣ በሩንም ማን እንደሚተካ በአንድ አጭር ደንብ ጽፎ በኪሱ ማስያዝ ነው።

የሚመለከተው የከተማው የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን በየጊዜው የሚሰጠን መግለጫ በአደጋው የወደመውን ንብረትና ከአደጋው የዳነውን ንብረት በብር ይነግረናል። ብሩን ከመስማት ይልቅ እኔ ብሰማቸው የምወዳቸው ሌሎች ቁጥሮች አሉ፦ 939 ከተደወለ በስንት ደቂቃ ተደረሰ፣ የመሰላል መኪና ስንት ጊዜ ወጣ፣ ስንቱ ጊዜ ቦታ አጥቶ ሳይዘረጋ ተመለሰ፣ ስንት በር ተሰበረ፣ ስንት ሰው ተፈልጎ ተገኘ። እነዚህ ቁጥሮች ቢታተሙ ክርክራችን በግምት አይሆንም፤ ለኮሚሽኑም ቢሆን በጀት ሲጠይቅ የሚያቀርበው ማስረጃ ይሆነዋል።

ግማሹ ዕዳ ደግሞ የእኛ የነዋሪዎቹ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ደረጃውን፣ መተላለፊያውን፣ ጣሪያውን፣ ግቢውን የጋራ አድርጎ ለማኅበሩ አስተዳደር ሰጥቷል። እኛ ግን ሦስትና አራት አባወራ ተስማምተን መተላለፊያው ላይ የብረት በር እንገጥማለን፤ ቁልፉ አንዱ ጋ ይሆናል፤ እርሱ ደግሞ ሥራ ይሄዳል። የጣሪያው መውጫ ተቆልፎ ቁልፉን የያዘው የቀድሞው ሊቀመንበር ነው፤ እርሱም አሁን ሠፈር ቀይሯል። ደረጃው ሥር የከሰል ጆንያና አሮጌ ፍራሽ ይከማቻል፤ ጭስ ማውጫው ሥር ማገዶ እንደማስቀመጥ ነው። ይህን ለማስተካከል ዶላር አያስፈልግም፤ ዕርዳታ ሰጪም አይጠራም። አንድ የእሑድ ስብሰባ፣ አንድ የቀለም ቆርቆሮና አንድ መኪና የማይቆምበት መስመር ይበቃል።

በአክስቴ ሕንፃ ስብሰባው ተደርጓል፤ እኔም በእንግድነት ተገኝቼ ነበር። የጣሪያው ቁልፍ ጉዳይ በአሥር ደቂቃ አለቀ፤ አንዱ ለዘበኛው፣ አንዱ ለኮሚቴው። የመኪና ማቆሚያው ግን ሁለት ሰዓት ፈጅቶ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ፤ ስድስት መኪና ከጎን ይነሣ ቢባል ስድስቱም ባለቤቶች የኔ ለምን ሆነ አሉ። አክስቴ ሳይጠብቁ የብየዳ ባለሙያ አስጠርተው ነበር። የአንዱን መስኮት ፍርግርግ ቆርጦ ማጠፊያ እንዲያበጅለት፣ ከውስጥ እንዲከፈት። ልጁ ሥራውን ጨርሶ ቁልፉን ሲያስረክባቸው የት እንደሚሰቅሉት ጠየቃቸው። ከመስኮቱ ጎን፣ የልጅ ልጆቹ እጅ በማይደርስበት፣ የእርሳቸው እጅ ግን በጨለማ ዳስሶ በሚያገኘው ቁመት ላይ ምስማር አስመቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "የእኔን በኩል ጨርሻለሁ፤ የመሰላሉን ነገር አንተ ጠይቅልኝ" አሉኝ።